አንዱ ቢሮ ሲያርፍ ሌላው ሲሠራ፤ የክልል በዓል ጫናው በማን ላይ ይውደቅ?

የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:10

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የማቀርበው ጉዳይ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ነውና ትንሽ ቢረዝም ታገሡኝ።

ድርጅታችን በአንድ አገር ውስጥ፣ በሁለት ክልሎች፣ ሁለት ቢሮዎች አሉት። የአንደኛው ክልል የሕዝብ በዓላት ከሌላው በሦስት ቀን ይበልጣሉ። ባለፈው ሐሙስ ከሦስቱ አንዱ ነበር። ያኛው ቢሮ ተዘጋ፣ እኔ ያለሁበት ተከፍቶ ዋለ። ደንበኛ ደግሞ የትኛው ቢሮ ክፍት እንደሆነ አያውቅም፤ የሁለቱም ቢሮ ስልክ እኛ ዘንድ ባሉት አራት የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች ላይ ወረደ። ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ክፍላቸው ብቅ ስል ስክሪኑ ላይ ሃያ ሁለት ሰው ወረፋ ይጠብቃል። አንዷ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ሳታወርድ፣ በቀኝ እጇ እየጻፈች፣ በግራዋ ውኃ ልታነሣ ስትል ብርጭቆው ወረቀቱ ላይ ተደፋ። ቀና ብላ አየችኝና ምንም ሳትናገር ወረቀቱን በእጅጌዋ አደረቀች።

ማታ ሊወጡ ሲሉ ቢሮዬ መጣች። የሁለቱን ክልሎች በዓላት በሁለት ረድፍ ጽፋ ይዛለች። «የእነሱን ዕረፍት አልቃወምም፤ ይገባቸዋል። ያ ቀን ለእኛ ምን ቀን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም» አለችኝ። እኔ ደግሞ «ሕጉ ነው፣ ምን ላድርግ?» ብዬ ሸኘኋት። ሕጉ መሆኑ እውነት ነው። የመለስኩላት ግን የጠየቀችኝን አይደለም።

አሁን ከእናንተ የምፈልገው ይህን ነው። አንዱ ክልል ውስጥ እየኖረ ሌላው ክልል ውስጥ የሚሠራ ሰው የየትኛውን በዓል ይከተላል? ከቤቱ የሚሠራውስ? የበዓሉን ቁጥር ማመጣጠን ይቻላል ወይስ ሌላ ቅሬታ መጥራት ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚያ ቀን ለሚሠሩት ሰዎች ምን ይደረግላቸዋል?

ሕግ አንባቢ · ማክሰኞ፣ ቀን 6:35

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ጥያቄዎ ልጀምር። በብዙ አገሮች የሚሠራበት መርህ አንድ ነው፦ በዓል የሚከተለው የሥራውን ቦታ ነው። የሠራተኛው መኖሪያም ሆነ የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ለውጥ አያመጣም።

እኔ በቅርበት የማውቀው የጀርመንን ነው። አሥራ ስድስቱ ግዛቶች በጋራ የሚያከብሯቸው የሕዝብ በዓላት 9 ናቸው። ከእነዚህ በፌዴራል ደረጃ የተደነገገው ኦክቶበር 3 ብቻ ሲሆን የቀሩትን እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ሕግ ያውጃል፤ በዚያም ላይ የየራሱን ይጨምራል። በርሊን 10 አላት። ባቫርያ ውስጥ እንደ ማዘጋጃ ቤቱ 12 ወይም 13 ይሆናል፤ አውግስቡርግ ከተማ ደግሞ በኦገስት 8 የራሷ በዓል ስላላት 14 ትደርሳለች።

ፖትስዳም እየኖረ በርሊን የሚሠራ ሰው እንውሰድ። ፖትስዳም የብራንደንቡርግ ግዛት ናት። ብራንደንቡርግ ኦክቶበር 31ን ታከብራለች፣ በርሊን አታከብርም። በርሊን ከ2019 ጀምሮ ማርች 8ን ታከብራለች፣ ብራንደንቡርግ አታከብርም። ስለዚህ ይህ ሰው ኦክቶበር 31 ቀን የልጆቹ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እሱ ሥራ ይገባል፤ ማርች 8 ቀን ደግሞ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ባዶ ቤት ይገባል። ቀኖቹ ሲደመሩ ያው ናቸው፤ የቤተሰቡ ኑሮ ግን ተዛብቷል። እርስዎም ሠራተኞችዎን ሲያስቡ ቀኖቹን ብቻ አይቁጠሩ፤ የሕፃናት ማቆያና ትምህርት ቤት መቼ እንደሚዘጋም ይጠይቋቸው።

ከቤቱ የሚሠራ ሰውም በዚያው መርህ ይታያል፤ ሥራው በትክክል የሚከናወንበት ቦታ ነው የሚቆጠረው። በሳምንት ሦስት ቀን ቢሮ፣ ሁለት ቀን ቤት የሚሠራ ሲሆን ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ለዚህ በውሉ ላይ «መደበኛ የሥራ ቦታ» የሚል ግልጽ ሐረግ ያስፈልጋል። በ2024 የጀርመን ፌዴራል የሥራ ፍርድ ቤት ያየው ጉዳይ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በኖርድራይን ቬስትፋለን የሚሠራ የሆስፒታል ሠራተኛ ኖቬምበር 1 ቀን በሄሰን ሥልጠና ላይ ነበር። ቀኑ በመደበኛ ሥራ ቦታው በዓል ነው፣ በሄሰን አይደለም። ፍርድ ቤቱ በኅብረት ስምምነቱ መሠረት ለበዓል አበል የሚታየው መደበኛው የሥራ ቦታ ነው ብሎ ለሠራተኛው ፈረደ። ስምምነቱ የሚመለከተው የግዛት መንግሥት ሠራተኞችን ስለሆነ ውሳኔው ለሁሉም ድርጅት በቀጥታ አይሠራም። ሆኖም ሰውን ለአንድ ሳምንት ወደ ሌላ ክልል መላክ በዓሉን ያስቀርበታል ብላችሁ አትቸኩሉ።

ጭነት አሰማሪ · ማክሰኞ፣ ቀን 9:20

የቢሮ ሰዎች በዓልን በቀን መቁጠሪያ ነው የምታዩት፤ እኛ በመንገድ ላይ ነው የምናየው።

በጀርመን ከ7.5 ቶን በላይ የሆነ የጭነት መኪና እሑድና በሕዝብ በዓል ከእኩለ ሌሊት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አይንቀሳቀስም። ችግሩ በዓሉ የክልል ሲሆን እገዳውም የክልል መሆኑ ነው። ከፋሲካ በኋላ በሐሙስ የሚውለው የቅዱስ ቁርባን በዓል በስድስት ግዛቶች የሕዝብ በዓል ነው፦ ባቫርያ፣ ባደን ቩርተምበርግ፣ ሄሰን፣ ኖርድራይን ቬስትፋለን፣ ራይንላንድ ፋልትስና ዛርላንድ። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ መኪና በሰሜኑ በሕጋዊ መንገድ ሲነዳ ይቆይና ድንበሩ ላይ ይቆማል።

አንድ ዓመት ይህን ቀን ዘንግቼው ነበር። ሾፌራችን መኪናውን ያስነሣው በዓሉ ከማይከበርበት ከኒደርዛክሰን ነው። ከእኩለ ሌሊት በፊት ድንበሩን ሊሻገር አልቻለም። ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከመንገድ ዳር ማቆሚያ ሆኖ ደወለልኝ። «ለእኔ በዓል አይደለም፤ መኪናው ግን በዓል ላይ ነው። እዚህ እስከ ነገ ማታ ስቀመጥ ምን ይባላል? ሥራ ነው ወይስ ዕረፍት?» አለኝ። ማቆሚያው ሞልቶ መጸዳጃ ቤት በሌለበት ጥግ ነበር የቆመው። በስልኩ ውስጥ የሌሎች መኪኖች ሞተር ይሰማኝ ነበር።

ሕጉን ፈልጌ ከማግኘቴ በፊት ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አውቄዋለሁ፤ ቀኑን ከፈልንለት፣ የሌሊት አበሉንም ጨመርንለት። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱ ጉዞ ወረቀት ላይ መኪናው የሚያልፍባቸው ግዛቶች በዓል ሁሉ ይጻፋል። የመነሻውና የመድረሻው ብቻ አይበቃም። የእርስዎ ስልክ ተቀባዮችም የእኔን ሾፌር ይመስሉኛል። በዓሉ የሌላ ሰው ነው፤ ጭነቱ ግን እነሱ ላይ ቆሟል።

የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ · ማክሰኞ፣ ምሽት 1:45

እኔ የማወራው ስለ ውል ቃላት ነው፤ ብዙ ጠብ ከዚያ ሲነሣ አይቻለሁና።

በዩናይትድ ኪንግደም እንግሊዝና ዌልስ በዓመት 8፣ ስኮትላንድ 9፣ ሰሜን አየርላንድ 10 የባንክ በዓላት (የሕዝብ በዓላት እዚያ የሚጠሩት እንዲህ ነው) አሏቸው። ቀኖቹም አንድ አይደሉም። የበጋው በዓል በስኮትላንድ የኦገስት የመጀመሪያው ሰኞ ሲሆን በእንግሊዝ የመጨረሻው ሰኞ ነው። ከፋሲካ ማግስት ያለው ሰኞ በእንግሊዝ አለ፣ በስኮትላንድ ዝርዝር ውስጥ የለም። ጃንዋሪ 2 የስኮትላንድ ብቻ ነው። ማርች 17 እና ጁላይ 12 የሰሜን አየርላንድ ናቸው።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በዚያ አገር ሕግ፣ ሠራተኛ በባንክ በዓል ቀን የማረፍ መብት በሕግ አልተሰጠውም። ሕጉ የሚሰጠው 5.6 ሳምንት የሚከፈልበት ፈቃድ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ 28 ቀን ማለት ነው። አሠሪው የባንክ በዓላትን ከዚያ ውስጥ ሊቆጥራቸው ይችላል። በ2007 የወጣው የስኮትላንድ የቅዱስ እንድርያስ በዓል ሕግ እንኳ ኖቬምበር 30ን የባንክ በዓል አደረገ እንጂ ባንክ እንዲዘጋ፣ አሠሪም እንዲያሳርፍ አላስገደደም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ውሉ ላይ በተጻፈው ይወሰናል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

እንግሊዝ ውስጥ የተዘጋጀ ውል ተቀድቶ ለስኮትላንድ ሠራተኛ ሲሰጥ አይቻለሁ። «20 ቀን ፈቃድ እና የእንግሊዝና የዌልስ የባንክ በዓላት» ይላል። ሠራተኛዋ ያለችበት ሕንፃ ጃንዋሪ 2 ቀን ተቆልፏል፤ ውሏ ግን የሥራ ቀን ነው ይላል። ያን ቀን ከዓመት ፈቃዷ ቆረጡባት። በፋሲካ ማግስት ደግሞ ውሏ ዕረፍት ቢልም አካባቢዋ ሁሉ ሥራ ላይ ስለነበረ ተጠርታ ገባች። በሁለቱም በኩል ተጎዳች፤ ምክንያቱም ውሉን የጻፈው ሰው የት እንደምትሠራ አላሰበም።

የትርፍ ሰዓት ሳይሆን የጎደለ ሰዓት ያላቸውን ሠራተኞችም አትርሱ፤ ማለቴ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን የሚሠሩትን። ብዙዎቹ በዓላት ሰኞ ላይ ይውላሉ። ሰኞ የማትሠራ ሴት በዓሉ ያልፋታል፤ ሰኞ ብቻ የምትሠራዋ ፈቃዷ ሁሉ በበዓል ያልቃል። መፍትሔው በቀን መቁጠርን ትቶ በሰዓት መቁጠር ነው። ለሙሉ ጊዜ ሠራተኛ 8 በዓል በቀን 7.5 ሰዓት ሲባዛ 60 ሰዓት ይሆናል። ከአምስት ቀን ሦስቱን ለሚሠራ የዚያ ሦስት አምስተኛ፣ 36 ሰዓት ነው። በዓሉ በሥራ ቀኑ ላይ ሲውል ከ36ቱ ይቀነሳል፤ ካልዋለ ሰዓቱ ይቆይለታል፣ በሌላ ቀን ያርፍበታል። ይህን አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ ማስላት የዓመት ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ተረኛ · ማክሰኞ፣ ሌሊት 4:05

እኔ ኃላፊም ሒሳብ ሠራተኛም አይደለሁም። በዓል በሌለው ክልል ሆነው ስልክ ከሚያነሱት አንዱ ነኝ፤ ስለዚህ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ልናገር።

የሚያመኝ መሥራቱ አይደለም። ሐሙስ ለእኔ የሥራ ቀን ነው፣ ደመወዜን እቀበልበታለሁ። የሚያመኝ የሁለት ሰው ሥራ መሥራቴን ማንም እንደ ሥራ አለመቁጠሩ ነው። ረቡዕ ማታ ያኛው ቢሮ ወረቀቱን እንዳለ ትቶ ይሄዳል። ሐሙስ አንድ ደንበኛ ደውሎ «ትናንት ያነጋገረኝ ሰው ዛሬ ይደውልልሃል ብሎኝ ነበር» ይለኛል። የማንን ጉዳይ፣ የትኛውን ፋይል እንደሚል አላውቅም። ይቅርታ እየጠየቅሁ እውላለሁ፤ ያልበደልኩትን ይቅርታ። አርብ ደግሞ በበዓሉና በቅዳሜ መካከል ስለምትገባ ብዙዎቹ ፈቃድ ወስደውባታል። ሰኞ ሲመለሱ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ለምን አልተጨረሰም?» ነው።

እህቴ፣ ያቺ ሠራተኛ ሁለት ረድፍ ጽፋ የመጣችው ቀን ለመቁጠር አይመስለኝም። እንዲያዩላት ነው።

አነስተኛ ድርጅት ባለቤት · ረቡዕ፣ ጠዋት 2:30

የሁላችሁንም አነበብኩ፤ አዘኔታችሁ ይገባኛል። የአሠሪውን ጎን ግን የጻፈ የለም።

ዘጠኝ ሠራተኞች አሉኝ። በክልላችን አንድ ተጨማሪ በዓል ሲታወጅ ዘጠኝ የሰው ቀን እከፍላለሁ፤ የቤት ኪራዩም ይቆጠራል፣ የማሽኑም ዕዳ ይከፈላል። ተወዳዳሪዬ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ በሌላ ክልል ነው፤ እሱ ያን ቀን ያመርታል። ደንበኛዬም በሌላ ክልል ስለሆነ ዕቃው በሰዓቱ እንዲደርሰው ይጠብቃል። በዓል ከሰማይ አይወርድም፤ አንድ ሰው ይከፍለዋል። ሠራተኞቼ ማረፋቸው ደስ ይለኛል፤ ብዙዎቹን ከአሥር ዓመት በላይ አውቃቸዋለሁ። ነገር ግን «በዓል ለሌላቸውም ሦስት ቀን ስጧቸው» የሚል ምክር ከመስጠታችሁ በፊት እንደ እኔ ያለውን ሰው አስቡት።

ሕግ አንባቢ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3:50

ወንድሜ፣ «አንድ ሰው ይከፍለዋል» ያሉት ትክክል ነው፤ ማን እንደሚከፍለው በግልጽ የተጻፈበት አገርም አለ። ጀርመን የእንክብካቤ መድኅንን (ራሳቸውን መርዳት ለማይችሉ ሰዎች የሚውለውን) በ1995 ስትጀምር የአሠሪዎችን ወጪ ለማካካስ በኖቬምበር ረቡዕ የሚውለውን የንስሐና የጸሎት ቀን ግዛቶቹ ሠረዙት። ሳክሶኒ ብቻ አልሠርዝም አለች፤ ዛሬም ታከብረዋለች። በልዋጩ የሳክሶኒ ሠራተኞች ለዚህ መድኅን የሚያዋጡት ከሌሎቹ ግዛቶች ሠራተኞች በ0.5 የመቶኛ ነጥብ ይበልጣል፤ የአሠሪዎቻቸው ድርሻ ደግሞ በዚያው ልክ ያንሳል። የሳክሶኒ ሰው ያችን ቀን በየወሩ ከደመወዙ ይገዛታል ማለት ነው። ለእኔ ይህ ሐቀኛ አሠራር ነው፤ ዋጋው ስለሚታወቅ ማንም ስጦታ ነው ብሎ አያስመስልም።

ከአውስትራሊያ · ረቡዕ፣ ቀን 8:15

እዚህ አገር ስላለው ላካፍላችሁ። የሜልበርን ዋንጫ የፈረስ ውድድር የሚካሄድበት የኖቬምበር የመጀመሪያው ማክሰኞ በሜልበርን የሕዝብ በዓል ነው፤ በሲድኒ የሥራ ቀን ነው። በዚያው በቪክቶሪያ ክልል ውስጥ እንኳ ከዋና ከተማው ውጭ ያሉ ምክር ቤቶች በምትኩ የራሳቸውን ቀን መምረጥ ይችላሉ። የንጉሡ ልደትም በአብዛኛው ክልል በጁን ይከበራል፤ ኩዊንስላንድ በኦክቶበር፣ ምዕራብ አውስትራሊያ አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር መጨረሻ ታከብረዋለች።

በ2009 የወጣው የሥራ ሕግ ሠራተኛው «ለሥራ በተመደበበት ቦታ» የሕዝብ በዓል በሆነ ቀን የመቅረት መብት አለው ይላል። አሠሪው እንዲሠራ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄው ምክንያታዊ መሆን አለበት፤ ሠራተኛውም ምክንያታዊ ሆኖ እምቢ ማለት ይችላል። በ2023 በፌዴራል ፍርድ ቤት የተወሰነው ጉዳይ «መጠየቅ» የሚለውን ቃል አጠበቀው። የኩዊንስላንድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች ዲሴምበር 25 እና 26 ቀን 2019 እንዲሠሩ በፈረቃ ሰሌዳ ላይ ስማቸው ተጽፎ ነበር። ፍርድ ቤቱ ስምን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ትእዛዝ ነው፣ ጥያቄ አይደለም አለ። ምርጫ ያለው ጥያቄ መቅደም ነበረበት።

ይህ ፍርድ በዓል ላላቸው ሰዎች ነው፤ የእርስዎ አራት ሠራተኞች በሕግ በዓል የላቸውም። ነገር ግን መንፈሱን ውሰዱት። ያን ሐሙስ ከመድረሱ በፊት «ስልኩ ሁሉ ወደ እናንተ ይመጣል፤ እንዴት እናድርገው?» ተብለው ተጠይቀው ነበር? ካልተጠየቁ ቅሬታው ከዚያ ይጀምራል።

የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ · ረቡዕ፣ ምሽት 12:40

አልተጠየቁም። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው። ያን ቀን በቀን መቁጠሪያዬ ላይ ያኛው ቢሮ «ዝግ» ተብሎ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ በእኛ ቢሮ ረድፍ ላይ ግን ምንም የተጻፈ የለም። ባዶ ነው። ይህን ያየሁት ዛሬ ጠዋት ነው፤ ከዚህ በፊት መቶ ጊዜ ከፍቼዋለሁ።

«ተረኛ» ለጻፍከው አመሰግናለሁ። «አነስተኛ ድርጅት ባለቤት» የጻፉትም ገብቶኛል፤ የእኛ የፋይናንስ ኃላፊ በተመሳሳይ ቃል ነግረውኛል። ማመጣጠንን በተመለከተ ግን አሁንም ቁርጥ ያለ ነገር አላገኘሁም።

የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ · ረቡዕ፣ ሌሊት 3:10

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፦ ማመጣጠን ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሆንም። ሕግ የሰጠውን በዓል ከአንዱ ነጥቆ ከሌላው ጋር ማስተካከል የለም። ስለዚህ ያለው ምርጫ በዓል ላነሰው ክልል ፈቃድ መጨመር ነው፤ ያም ከበጀት ይወጣል።

ቁጥሩም የቆመ አይደለም። በጀርመን በዓል እሑድ ላይ ከዋለ ይቀራል፣ በሰኞ አይተካም። በእንግሊዝ ይተካል። ስለዚህ «ሦስት ቀን ልዩነት» ያሉት አንዳንድ ዓመት ሁለት፣ አንዳንድ ዓመት አንድ ሊሆን ይችላል። በየዓመቱ በሥራ ቀን ላይ የዋሉትን ብቻ መቁጠር ያስፈልጋል። በስፔን ደግሞ በዓመት ከ14 የማይበልጡ በዓላት ይፈቀዳሉ፤ ከእነሱ ሁለቱ የየማዘጋጃ ቤቱ ናቸው። ሜይ 15 በማድሪድ ከተማ ይዘጋል፤ አጎራባች ከተማ ያለው ቅርንጫፍ የራሱን ሁለት ቀን ይከተላል። እንዲህ ባለ አገር ፍጹም እኩልነትን የሚያሳድድ ሰው ዓመቱን በሙሉ ሲያሳድድ ይኖራል።

ከቶሮንቶ · ሐሙስ፣ ጠዋት 3:25

ልዩነቱ የክልል ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኦንታሪዮ ከ2008 ጀምሮ የፌብሩዋሪ ሦስተኛው ሰኞ የቤተሰብ ቀን ነው። ባንክ፣ አየር መንገድና ቴሌኮም ግን የሚተዳደሩት በፌዴራሉ የሥራ ሕግ ስለሆነ ይህ ቀን በሕግ አይመለከታቸውም። በተቃራኒው ሴፕቴምበር 30 ከ2021 ጀምሮ በፌዴራሉ ሕግ በዓል ነው፤ በኦንታሪዮ ሕግ የሚተዳደር የግል ድርጅት ግን እንዲከፍልበት አይገደድም። በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ መግቢያ የሚገቡ ሁለት ሰዎች በተለያየ ቀን ያርፋሉ። ብዙ አሠሪዎች ይህን በራሳቸው ፈቃድ ያስተካክሉታል።

ኦስትሪያም የምትጠቀስ ናት። ስቅለት በሕግ የሚከፈልበት ዕረፍት የነበረው ለጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አባላት ብቻ ነበር። በ2019 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ይህ አድልዎ ነው ሲል መንግሥት ለሁሉም «የግል በዓል» አደረገው፤ ሠራተኛው በዓመት አንድ ቀን ራሱ መርጦ ከሦስት ወር በፊት ያሳውቃል። ቀኑ ግን ከዓመት ፈቃዱ ነው የሚቀነሰው፤ ተጨማሪ ቀን አላገኘም። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ቅር ተሰኝተዋል። ይህን የምነግርዎ «የምርጫ ቀን» የሚል ነገር ካሰቡ ከየት እንደሚመጣ አስቀድመው እንዲናገሩ ነው። ከፈቃዳቸው ቆርጠው ስጦታ ብለው ከሰጧቸው ያውቁብዎታል።

ጭነት አሰማሪ · ሐሙስ፣ ቀን 7:00

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ። ከበዓሉ በፊት ባለው ቀን እስከ እኩለ ቀን የርክክብ ወረቀት ይጻፍ። ያልተጠናቀቀ ጉዳይ፣ ቃል የተገባለት ደንበኛ፣ እስከ ሰኞ ሊቆይ የሚችለውና የማይችለው። እኛ ዘንድ ይህ ከተጀመረ ወዲህ የሌሊት ስልክ ቀንሶልኛል። ወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ከዚያ ከበለጠ የሚያነበው የለም።

የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ · ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ፣ ጠዋት 5:30

የት እንደደረስኩ ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ።

አራቱን ሠራተኞች ሰብስቤ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከዚያ ስለ ቀኖቹ ብዛት ሳላነሣ ያን ሐሙስ ከጠዋት እስከ ማታ እንዲተርኩልኝ ጠየቅኋቸው። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከስልኮቹ ግማሽ ያህሉ ደንበኛው ያኛው ቢሮ ዝግ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ የማይደወሉ እንደነበሩ ነገሩኝ። በሰው ድምፅ የተቀዳ ማስታወቂያ አልነበረንም። አሁን አለ፤ ከበዓሉ ሦስት ቀን በፊትም ለደንበኞች መልእክት ይላካል።

የርክክቡን ወረቀት ያኛው ቢሮ ተቀብሎታል። ከሁለቱ ቢሮዎች አንዱ በሚዘጋበት ቀን ስብሰባም ሆነ የሥራ ማስረከቢያ ቀን አይቀጠርም። በዚያ ቀን ስልክ ላይ ለሚቀመጡት ከሌላ ክፍል ሁለት ሰው ይጨመራል፤ ፈቃደኞች ይቀድማሉ። በዚያ ቀን የሠሩ ሁሉ ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ሰዓት ምትክ ዕረፍት ያገኛሉ።

ሦስቱን ቀን ለማመጣጠን ያቀረብኩትን አስተዳደሩ አልተቀበለውም። አንድ ቀን ፈቀዱ፤ ከዓመት ፈቃድ ሳይቀነስ፣ ሠራተኛው የሚመርጠው። ያንሳል ብዬ አምናለሁ፤ በሚቀጥለው በጀት እንደገና አቀርበዋለሁ። የተፈቀደው አንድ መሆኑን፣ ሦስት ጠይቄ እንደነበረም ለሠራተኞቹ ነገርኳቸው።

ያቺ ሠራተኛ ረቂቁን ወስዳ በማግስቱ መለሰችልኝ። አንድ መስመር አርማለች። «በዓል በሌለው ቢሮ ያሉ ሠራተኞች እንደተለመደው ይሠራሉ» ብዬ የጻፍኩትን ሠርዛ «በዓል በሌለው ቢሮ ያሉ ሠራተኞች የሁለቱንም ቢሮ ደንበኞች ያስተናግዳሉ» ብላ ጽፋዋለች። እንዳለ ገባ።

ተረኛ · ሰኞ፣ ቀን 6:50

ያችን መስመር ለኃላፊዬ ላሳያት ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። በዓመቱ መካከል ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው የሚዛወር ሰውስ? ጓደኛዬ የአንዱ ክልል በዓላት በዓመቱ መጀመሪያ፣ የሌላው በመጨረሻ ስለሚበዙ ተዛውሮ የሁለቱንም ሳያገኝ ቀርቷል።

ሕግ አንባቢ · ሰኞ፣ ቀን 9:15

በመርሁ መሠረት በዓሉ በዋለበት ዕለት የት ይሠራ ነበር የሚለው ብቻ ነው የሚታየው፤ ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚካካስ የለም። ጓደኛህ ሕጋዊ ጥያቄ ያለው አይመስለኝም። አሠሪው ያዛወረው በራሱ ፍላጎት ከሆነ ግን ዝውውሩን ከመፈረሙ በፊት የቀሩትን በዓላት ቆጥሮ፣ የሚጎድሉትን በፈቃድ እንዲተኩለት ሊደራደር ይችላል። ከፈረመ በኋላ ይከብዳል።

የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ · ሰኞ፣ ቀን 10:05

ይህን አላሰብኩትም ነበር። በዝውውር ቅጻችን ላይ «በዓመቱ የቀሩ የሕዝብ በዓላት፦ በነበሩበት ቢሮ … ፣ በሚሄዱበት ቢሮ …» የሚል መስመር ዛሬውኑ አስገባለሁ። በሚቀጥለው ወር የሚዛወሩ ሁለት ሰዎች አሉን፤ ሳይፈርሙ እነግራቸዋለሁ።